ስድሳ ሳንቲም

ጎንደር ባቡር አታውቅም፣ ፉጨቱንም አልሰማች፤
እኔን ግን ሐዲድ ፍለጋ፣ ክረምት ሙሉ አመላለሰች።
ከቅዳሜ ገበያ ጓሮ፣ ዝገት በዝገት ተደርድሮ፣
የፕሪንተር ዘንግ አየሁ፣ ከሞተ ጄኔሬተር ጋር ታስሮ፤
የፎቶ ኮፒ አንጀት፣ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፣
የመሳቢያ መንሸራተቻ፣ ገፋ ሲያደርጉት የሚሸሽ።

አጣናው ነው ባለሱቁ፣ እርሳስ ከጆሮው ሰክቶ፣
«ጀርመን ነው» ይለኛል፣ የቻይናውን በጨርቅ አብርቶ።
«ይህ ዘንግ አይጎብጥም፤ ከቤትህ ምሰሶ ይበልጣል።»
ዋጋውን ስጠይቀው ግን፣ ድምፁ ከዘንጉ ይቀጥናል።

ያሰብኩት ማሽን እንዲህ ነው፦ ከዋንዛ ሐረግ እያወጣ፣
ሙሉ በር የሚቀርጽ፣ ሄዶ በሄደበት የሚመጣ።
ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ሄዶ፣ በሄደበት መምጣት።
(ከሰውም ያጣሁት ይህንኑ ነው።
ይቅር፤ ወደ ዘንጉ እንመለስ።)

ዘንጉ ከባጃጁ አፍ ወጥቶ፣ አዘዞ ደረስን ሁለታችን።
ትርንጎ ቶርኖዋን አቆመች፣ እጇን በግራሶ ጨርቅ ጠረገች።
ካሊበር አላነሳችም።
የመስኮት መስተዋት አጋደመች፣
ዘንጉን በላዩ በመዳፏ አንከባለለች፣
ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች።
«ና፣ አንተም እይ» አለች።

በብረቱና በመስተዋቱ መሐል
ጸጉር የምታህል ብርሃን
ትሾልካለች፣ ትጠፋለች፣
ዘንጉ ሲዞር ዞራ ትመጣለች።

«ሁለት ጫፉን አስረህ መሐሉን ለአየር ትሰጠዋለህ፤
ሞተርህ መሐል ሲደርስ ምን ሊሆን ታስባለህ?
ከሥሩ ድጋፍ የሌለው፣ ቢወፍርም ይሰግዳል፤
የሰገደ ዘንግ ደግሞ፣ ሐረግህን ያሰግዳል።»

ኩሽኔታውን ሰጠኋት። በሁለት ጣት ነቀነቀችው።
«ጨዋታ አለው።»
ጨዋታ ወዳጅ ነኝና ደስ አለኝ።
«ለሰው ነው ጨዋታ» አለች፣ «ብረት ሲጫወት ቤቱን ያሰፋል፤
ዛሬ ጸጉር ካስገባ፣ ለጥምቀት ጣትህን ያስገባል።
ባለአራት ማዕዘኑን ሐዲድ ግዛ፤ ወገቡ ግራ ቀኝ የተቦረቦረውን፣
በየስድስት ሳንቲሙ ቡሎን የሚበላውን፣
ከነጀርባው ላሜራ ላይ የሚተኛውን።»

የእቁብ ብሬን ቆጠርኩ፤ ሐዲዱ ይበልጠኛል።
«ሁለት ሜትር» ስለው ኪሴን፣ «ስድሳ ሳንቲም» ይለኛል።
ሦስት ሌሊት ተገላበጥኩ፦
ረዝሞ የሚሰግድ? አጥሮ የሚቆም?
አባቴ ቢኖር «ቁመት ምን ይሠራል» ይል ነበር፤
አጭር ነበርና።

ሐሳቤ በር ነበር።
የመስኮት ገዛሁ።

ሰረገላው ከሐዲዱ እንደማይወጣ ማን ነገረኝ?
ላጸዳው ብዬ ጎተትኩት፤
ኳሶቹ እንደ ሰናፍጭ ወለሉ ላይ ተበተኑ።
እስከ እኩለ ሌሊት ተንበርክኬ፣ በማግኔት ለቀምኩ፤
ከአልጋ ሥር፣ ከበርበሬው ቁና ኋላ፣ ከስንጥቅ።
የመጨረሻዋን እማዋይሽ ከነጠላ ጫማዋ ሶል ፈልቅቃ፣
ምንም ሳትል፣ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ሞተሩ ገና አልተገዛም። መብራትም ሄዷል።
በጨለማ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፣
ሰረገላውን በአንድ ጣት ነካሁት።
ምን ይመስላል ብዬ ምሳሌ ፈለግሁለት፤ አጣሁ።
ድምፅ የለውም። ይሄዳል ብቻ፤
ጣቴ ብትቆምም እሱ ትንሽ ይጨምራል።

እማዋይሽ ከብርድ ልብሷ ውስጥ፦
«ባቡርህ የት ደረሰ?»
ስድሳውን ጨርሶ፣ ጫፉን ነክቶ፣
በሄደበት እየመጣ ነበር።
«ደርሶ መልስ ነው» አልኳት።